«ይሄ ኮምፒዩተር ኤፍሲ 25 የሚባለውን የኳስ ጌም ይችላል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ያለው ዴስክቶፕ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፤ ቀጭኑ፣ ትንሹ ሳጥን። ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ያገለገለ ነው የገዛነው። እኔ ማታ ማታ የትንንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ በፒችትሪ እሠራበታለሁ። ልጄ ናቲ 13 ዓመቱ ነው፤ ኤፍሲ 25 ካልተጫነልኝ እያለ ነው። ሻጩ ያኔ «2 ጊጋ ግራፊክስ አለው፣ ጌም ይችላል» ብሎን ነበር። አንድ የሰፈር ልጅ ደግሞ «ራሙን 16 አድርጉት፣ ከዚያ ይሄዳል» አለ። ራም ልግዛ? ወይስ ኮምፒዩተሩ አርጅቷል? ልጄ ጌም ቤት እንዲያመሽ አልፈልግም።
የናቲ እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦ የናቲ እናት፣ ራሙን አይግዙ። ለዚህ ጌም ብለው ከሆነ ገንዘቡ ሜዳ ላይ ይቀራል። ኤፍሲ 25 አሁን ባለው ኮምፒዩተርዎ ላይ አይነሳም፤ ራሙ 16 ቢሆንም 32 ቢሆንም። ኮምፒዩተሩን ግን እንዳይጥሉት። አንድ ዕቃ ቢጨመርበት ናቲ እቤቱ ሆኖ ደህና ኳስ የሚጫወትበት መንገድ አለ። እሱን ትንሽ ቆይቼ እነግርዎታለሁ።

መጀመሪያ ማሽኑን እንወቀው። ይሄንን ሞዴል ደጋግሜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለቢሮ ተብሎ የተሠራ፣ ጠንካራ ኮምፒዩተር ነው። «ኮር አይ5» የሚለው ስም ብቻውን ስለ ዕድሜው ምንም አይነግረንም። ዋናው ከኋላው ያለው ቁጥር ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሲገቡ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ከላይ ተጽፎ ያገኙታል። እኔ እዚህ ሞዴል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው አይ5-3470ን ስለሆነ፣ የእርስዎም እሱ ነው ብዬ ልቀጥል። የመጀመሪያው 3 ሦስተኛ ትውልድ መሆኑን ያሳያል። እግረ መንገዴን ለሌሎች አንባቢዎችም ልናገር፦ ዴል እ.ኤ.አ. በ2023 ይህንኑ 7010 የሚል ቁጥር ለአዲስ ማሽን ሰጥቶታል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ያለውን ስም ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ አትሽጡም። ፕሮሰሰሩን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ጌሙ። ኤፍሲ 25 ቢያንስ የሚፈልገው ኮር አይ5-6600ኬ ወይም ራይዘን 5 1600 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም አርኤክስ 570 ግራፊክስ ካርድ፣ 100 ጊጋ ባዶ ቦታ እና ዳይሬክትኤክስ 12 (ጌሙ ከግራፊክሱ ጋር የሚነጋገርበት የዊንዶውስ ሶፍትዌር) ነው። ራሙን ልብ ይበሉ። 8 ጊጋ ነው የሚለው፤ እርስዎ ደግሞ 8 አለዎት። የጎደለው እሱ አይደለም።

የጎደለው ግራፊክሱ ነው። በኮምፒዩተርዎ ውስጥ ለብቻው የተገጠመ ካርድ የለም። ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጣው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኢንቴል ኤችዲ 2500 ነው። ለሒሳብ ሥራ፣ ለፊልም፣ ለኢንተርኔት ይበቃል። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ግን ከራሙ ላይ ይዋሳል። ሻጩ «2 ጊጋ ግራፊክስ» ያለዎት ይሄንን ብድር ነው። ይህ አነጋገር ሁሌም ያናድደኛል። ቁጥሩ ስክሪን ላይ ስለሚታይ ገዢው ያምናል፤ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው የሚገባው። ለማረጋገጥ ስታርት ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ይጫኑ፤ ዲቫይስ ማናጀር፣ ከዚያ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ። እዚያ ኢንቴል ብቻ ከሆነ ያለው፣ የተለየ ካርድ የለም ማለት ነው።

ችግሩ አቅም ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጌሙ እየተጎተተም፣ ስታክ እያደረገም ቢሆን ይከፈት ነበር። ኤችዲ 2500 ግን የሚያውቀው እስከ ዳይሬክትኤክስ 11 ድረስ ነው። ጌሙ 12ን ስለሚፈልግ ከመነሻው እምቢ ይላል። ራም መጨመር ይሄንን አይለውጠውም።

«እሺ፣ ካርዱን ልግዛለትና ኤፍሲ 25ን ይጫወት» ቢሉኝስ? አልመክርም። ካርዱ ቢገጠምም ፕሮሰሰሩ ጌሙ ካስቀመጠው ዝቅተኛ በሦስት ትውልድ ያንሳል። ሌላም ነገር አለ። ኢንቴል ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ ኤቪኤክስ2 የሚባል የትእዛዝ ስብስብ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ጨምሯል፤ እሱ ከሌለ ጨርሶ የማይነሱ አዳዲስ ጌሞች አሉ። የእርስዎ ሦስተኛ ትውልድ ስለሆነ የለውም። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ልጁ ፊት ጌሙ ባይከፈት ከሁለታችሁ ማን የበለጠ እንደሚያዝን እኔ አላውቅም።

ለናቲ ያሰብኩት ኢፉትቦል የሚባለውን ነው። ድሮ ፔስ ስንለው የነበረው ጌም ነው። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙን ቀይሮ በነፃ ለቀቀው፤ ስቲም ከሚባለው የኢንተርኔት የጌም ገበያ ላይ ያለ ክፍያ ይወርዳል። ቢያንስ የሚጠይቀው ኮር አይ5-2300፣ 8 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 660 ቲአይ እና 50 ጊጋ ቦታ ነው። ፕሮሰሰርዎ ከሚጠይቀው አንድ ትውልድ ይበልጣል። ራሙ ልክ ነው። የሚቀረው ካርዱ ብቻ ነው። የድሮዎቹን ፊፋዎች እንዳልመክርዎት፣ ሠሪው ኢኤ ስሙን ወደ ኤፍሲ በቀየረበት እ.ኤ.አ. በ2023 ከኢንተርኔት ገበያ አውርዷቸዋል። በሕጋዊ መንገድ አዲስ ኮፒ ማግኘት ከባድ ነው።

ካርዱን ሲገዙ ተጠንቀቁ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። ለዚህ ሳጥን የምመርጠው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም ጂቲኤክስ 1650 ነው። ሁለቱም ከ660 ቲአይ ይሻላሉ። ጂቲ 1030 ርካሽ ነው ብለው ሊያሳዩዎት ይችላሉ፤ ለዚህ ጌም አይበቃም።

ሳጥንዎ ቀጭን ስለሆነ የተለመደው ካርድ አይገባበትም። «ሎው ፕሮፋይል» የሚባለው አጭሩ ነው የሚሆነው፣ ከነአጭር ብረቱ። ውፍረቱንም ያስለኩ፤ ብዙዎቹ ጎናቸው ያለውን ቦታ ጭምር ይይዛሉ። ከሁሉ የሚሻለው ኮምፒዩተሩን ራሱን ሱቅ ይዘው ሄደው እዚያው ማስገጠም ነው።

የመብራቱ ነገር ደግሞ አለ። በቀጭኑ 7010 ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የለውም። ስለዚህ ካርዱ 75 ዋት ወይም ከዚያ በታች የሚፈጅ፣ የሚፈልገውን ሁሉ ከማዘርቦርዱ የሚወስድ መሆን አለበት። ካርዱ ጠርዝ ላይ ባለ ስድስት ቀዳዳ መሰኪያ ካለው ይመልሱት። ሻጩ «ገመድ ቀጥለን እናስነሳዋለን» ካለዎትም እሺ እንዳይሉት። የደንበኞችዎ ሒሳብ ያለበት ኮምፒዩተር ነው፤ እዚያ ላይ የመብራት ሙከራ አይደረግም።

ሞኒተርዎንም ይመልከቱ። መሰኪያው ሰማያዊው ቪጂኤ ብቻ ከሆነ እነዚህ ካርዶች ቪጂኤ የላቸውም። ከዲስፕሌይ ፖርት ወይም ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር አብረው ይግዙ።

ሌላው ሐሰተኛ ካርድ ነው። እንደ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ያሉ በጣም አሮጌ ካርዶች ሶፍትዌራቸው ተቀይሮ «1050 ቲአይ» ተብለው ይሸጣሉ። ዊንዶውስም የተጻፈለትን አምኖ 1050 ቲአይ ብሎ ያሳያል። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ እንዲህ ያለ ካርድ ሲያገኝ ከስሙ ጋር ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ያስከፍቱት። ደህና ነጋዴ አይቆጣም።

ሳጥኑ ከተከፈተ አይቀር አቧራውን ያስጠርጉ፤ የፕሮሰሰሩንም የሙቀት ቅባት ያስቀይሩ። ለራም ያሰቡት ብር ካለ ደግሞ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ሃርድ ዲስኩን የሚተካ ፈጣን ዲስክ፣ ይግዙበት። ኤስኤስዲ ጌሙ ሲሄድ ያለውን ፍጥነት አይጨምርም፤ ዊንዶውሱ፣ ፒችትሪው፣ የጌሙ አከፋፈት ግን ሌላ ኮምፒዩተር የገዙ እስኪመስልዎት ይለወጣል። ዲስኩ ከመቀየሩ በፊት የፒችትሪውን ባክአፕ በፍላሽ ያውጡና ሌላ ኮምፒዩተር ላይ መከፈቱን ይዩ።

ኢፉትቦል ኢንተርኔት ይፈልጋል። 50 ጊጋውን በ10 ሜጋ ቢት መስመር ለማውረድ ወደ 11 ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ ከፍተውት ቢተኙ ይሻላል። ጌሙ ነፃ ቢሆንም ውስጡ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ስላለ የባንክ ካርድ አያስገቡበት።

አንድ የምለምንዎት ነገር አለ። «ኤፍሲ 25ን ክራክ አድርገን በሃርድ ዲስክ እንገለብጥልሃለን» የሚሉት ልጆች ናቲን ሳያገኙት አይቀሩም። ሲጭኑት መጀመሪያ የሚያስጠፉት አንቲቫይረሱን ነው። የሰው ደመወዝና ግብር የተመዘገበበት ማሽን ላይ ይሄ እንዳይደረግ። ለናቲ የራሱን አካውንት ይክፈቱለት፤ አድሚኒስትሬተር ያልሆነ፣ ተራ ተጠቃሚ። የእርስዎን ፓስዎርድ አይስጡት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ስላቆመ፣ ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርም የዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ፣ ጥንቃቄው ከድሮው ይበልጥ ያስፈልጋል። ሲሞላልዎት ሒሳቡን ወደ ሌላ ማሽን ያዛውሩትና ይሄኛው ለናቲ ይቅር።

ካርዱ ሲገባ ናቲ ጂቲኤ 5 የሚባለውንም ጌም መጠየቁ አይቀርም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ኮምፒዩተሩ ይችለዋል። የጌሙ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ለወጣው የኮምፒዩተር ቅጂ «ይመከራል» ብለው የጻፉት ፕሮሰሰር ራሱ አይ5-3470 ነው። ነገር ግን በአውሮፓው የዕድሜ ደረጃ 18 የተሰጠው ጌም ነው፤ ለ13 ዓመት ልጅ አይሆንም። በመኪና ኳስ የሚጫወቱበት ሮኬት ሊግ አለ፤ ነፃ ነው፣ 20 ጊጋ ቦታ ይበቃዋል፣ ልጆችም ይወዱታል።

ጥያቄ፦ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ላፕቶፕ አለኝ። አይ5-8250ዩ፣ 8 ጊጋ ራም። ጂቲኤ 6 ሲወጣ ይችለዋል? ግራፊክስ ካርድ ማስጨመርስ ይቻላል?
ከሀዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጂቲኤ 6 ይወጣል የተባለው ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ነው። ስለ ኮምፒዩተር የተነገረ ቀን የለም። ዛሬ «ለጂቲኤ 6 የሚሆን» ብሎ ላፕቶፕ የሚሸጥልህን አትስማው።

ካርድ ውስጡ የሚገጠምበት ቦታ የለም። ራሙ ግን ላንተ ይጠቅምሃል። የላፕቶፕህ ግራፊክስ፣ ዩኤችዲ 620፣ የሚሠራው በራሙ ነው። 840 ጂ5 ሁለት የራም ቦታ አለው። ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ክፈትና ስንቱ እንደተያዘ እይ። አንዱ ብቻ ከሆነ የተያዘው፣ ተመሳሳይ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ጨምር። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ጌሙ ላይ ልዩነቱን ታየዋለህ። ስቲም ላይ የምትገዛው ጌም እንቢ ቢልህ፣ ከተገዛ 14 ቀን ካላለፈውና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወትክበት ገንዘቡን ይመልሳሉ። በስጦታ የተላከልህ ከሆነ አንተ ስትጠይቅ ብሩ ለገዛልህ ሰው ይመለሳል።

ጥያቄ፦ እዚህ የምጠቀምበትን የጌም ዴስክቶፕ አዲስ አበባ ላለው ለወንድሜ ልጅ መላክ እፈልጋለሁ። እዚያ ይሠራል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ይሠራል፤ ግን ፓወር ሰፕላዩን ሳያዩ እንዳይልኩት። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ 220። ጀርባው ላይ ወይም ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። «100–240» ካለ የሚቀየረው የግድግዳ መሰኪያው ገመድ ብቻ ነው። 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ካለው ገና እዚያው እያለ፣ ከመብራት ነቅለው፣ 230 ላይ ያድርጉትና በፕላስተር ያሽጉት። 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። ግራፊክስ ካርዱን ነቅለው ለብቻው ይጠቅልሉት። ከባድ ስለሆነ በመንገድ ላይ ማዘርቦርዱን ይሰብረዋል። የሚመጣ ሰው ካለ ካርዱን በእጅ ሻንጣው ያምጣው፤ ልጁ ራሱ ይገጥመዋል።