ከርነሉ የማያውቀው ባፈር

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። ከጓደኞቼ ጋር የጣናን ጥልቀት በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ (ሶናር) ሠርተን ጀልባ ላይ ገጥመናል። ቦርዱ ዚንክ 7000 ነው፤ ፕሮሰሰርና ኤፍፒጂኤ (ውስጡ እንደፈለጉ የሚገነባ ሰርኪት) አብረው ያሉበት። 512 ሜጋባይት ራም አለው፣ ሊኑክስ ጭነንበታል። ኤፍፒጂኤው የተመለሰውን ሲግናል ቀጥታ ራም ላይ ይጽፋል። ዳታው ለጊዜው የሚያርፍበትን ቦታ (ባፈሩን) የመረጥነው እኛው ነን፤ የመጨረሻውን 16 ሜጋባይት። ፕሮግራማችን በ«ዴቭ ሜም» (ራሙን በአድራሻ ቀጥታ በሚያስነብብ ፋይል) በኩል እያነበበ ኤስዲ ካርድ ላይ ይቀዳል። ዘጌ እስክንደርስ ደህና ይሠራል። ስንመለስ ግን ቁጥሩ ይዘበራረቃል፣ አንዳንዴም ሲስተሙ ድርቅ ይላል። ቦታውን እናስይዝ ብለን ድራይቨር (ሊኑክስን ከሃርድዌር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ጻፍን። አድራሻ የሚያስይዘው ፈንክሽን «ሪኩዌስት ሜም ሪጅን» አልሳካ ብሎ ድራይቨሩ በስህተት ቁጥር -16 ይወድቃል። ራሙ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ራሙ ጤነኛ ነው፤ ሌላ ቦርድ ለመግዛት አትሯሯጡ። -16 ማለት «ቦታው ተይዟል» ማለት ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) እውነቱን ነግሯችኋል።

ማን ያዘው? ራሱ ከርነሉ። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆናችሁ «ፕሮክ» ፎልደር ውስጥ ያለውን «አዮሜም» የሚባል ፋይል ክፈቱ። ሩት ካልሆናችሁ አድራሻው ሁሉ ዜሮ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ግራ ይጋባል። «ሲስተም ራም» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። የእናንተ 16 ሜጋባይት እዚያ ውስጥ ነው። ከርነሉ ያን ሁሉ የራሱ አድርጎ መዝግቦታል፤ ለፕሮግራም፣ ለፋይል፣ ለፈለገው ያድለዋል። የእናንተ ባፈር የጨረቃ ቤት ነው። ባለቤቱ መሬቱን እስኪፈልገው ድረስ ማንም አይነካችሁም።

ታዲያ ለምን መሄጃ ላይ ደህና ሆኖ መመለሻ ላይ ይበላሻል? ቦርዱ ሲነሳ ራሙ ባዶ ነው። እናንተ ግን ኤስዲ ካርድ ላይ ትቀዳላችሁ። ሊኑክስ የሚጻፈውንም የሚነበበውንም ፋይል ነፃ ራም ላይ ያቆየዋል። ቀስ በቀስ ራሙ ይሞላና እናንተ ጋ ይደርሳል። አንድ ነገር ደግሞ አረጋግጡ፦ የቡት ሎጉን (ቦርዱ ሲነሳ የሚጽፈውን መዝገብ) አውጥታችሁ «ሲኤምኤ» የሚል መስመር ፈልጉ። በእንዲህ ያለ ቦርድ ላይ ሲኤምኤ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ከራሙ ጫፍ ነው። ልክ እናንተ የመረጣችሁት ቦታ ላይ ቢሆን አይገርመኝም። ሲኤምኤ ለሃርድዌር የሚቀመጥ ተከታታይ ራም ነው፤ ሃርድዌር ካልጠየቀው ግን ከርነሉ ለሌላ ሥራ ያውለዋል።

አሁን ወደ ድራይቨራችሁ። «ሪኩዌስት ሜም ሪጅን» የተሠራው ለሃርድዌር ሬጂስተሮች (ሃርድዌሩ ትእዛዝ ለሚቀበልባቸው ትንንሽ የቁጥር ቦታዎች) ነው። ሁለት ድራይቨሮች አንድ ሬጂስተር ላይ እንዳይጋጩ የአድራሻ መዝገብ ላይ ስም ያስገባል፤ በቃ። ራም ከከርነሉ እጅ አይነጥቅም። በዚንክ ላይ ኤፍፒጂኤ ውስጥ የሠራችኋቸው ሬጂስተሮች ከ1 ጊጋባይት አድራሻ በላይ ነው የሚቀመጡት። እነሱን በዚህ ፈንክሽን አስይዙ፣ ትክክል ነው። ባፈሩ ግን ራም ነው። ራም የሚታገደው ከርነሉ ገና ሲነሳ፣ ማደል ሳይጀምር ነው።

መፍትሔው ዲቫይስ ትሪ ነው፤ ቦርዱ ላይ ምን የት እንዳለ ለከርነሉ የሚነግረው ፋይል። «ሪዘርቭድ ሜሞሪ» የሚል ኖድ (ክፍል) ጨምሩ። በውስጡ መነሻውን 496ኛው ሜጋባይት፣ መጠኑን 16 ሜጋባይት አድርጉ፤ ቁጥሮቹን በሄክሳዴሲማል ጻፏቸው። «ኖ ማፕ» የሚለውን ቃል አትርሱ። እሱ ከሌለ ከርነሉ ቦታውን ለማንም ባያድለውም በራሱ ካርታ ውስጥ እንደ ተራ ራም ያቆየዋል። ከዚያ በመሣሪያችሁ ኖድ ላይ «ሜሞሪ ሪጅን» ብላችሁ ወደዚያ አመልክቱ። ሲኤምኤው ራሱ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ በእጅ የተወሰነ ቦታ አስቀድሞ ነው የሚታገደው። የከርነል ማስነሻ መስመር ላይ «ሜም» 496 ሜጋባይት ነው ብሎ መጻፍም ይሠራል። ለሙከራ ይሁን፤ ለዘለቄታው አልወደውም። ነገ ሌላ ሰው ያንን መስመር ይቀይርና የት እንደተበላሸ ይጠፋችኋል።

ግን እውነት 16 ሜጋባይት ያስፈልጋችኋል? እናስላው። የጣና ጥልቅ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ድምፅ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ይሄዳል። ወርዶ ለመመለስ 30 ሜትር፤ ይህ 20 ሚሊሰከንድ ነው። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ናሙና፣ እያንዳንዱ 2 ባይት ቢሆን፣ አንድ ምት (ድምፅ አንዴ ልኮ መልሱን መስማት) 40 ኪሎባይት ይሆናል። በሰከንድ 10 ጊዜ ብትመቱ 400 ኪሎባይት። 4 ሜጋባይት ባፈር 10 ሰከንድ ይይዛል። ፕሮግራማችሁ ያን ያህል ከዘገየ ችግሩ የባፈር አይደለም።

በዚህ መጠን ከሆነ እኔ ብሆን ጭራሽ ቦታ አላግድም ነበር። ኤፍፒጂኤው የሚጽፍበትን አድራሻ ከሬጂስተር የሚቀበል ከሆነ ድራይቨሩ በ«ዲኤምኤ አሎክ ኮኸረንት» ራሙን ከከርነሉ ይጠይቅ፤ የተሰጠውን አድራሻ ለኤፍፒጂኤው ያስተላልፍ። በሕጋዊ መንገድ ይገኛል፣ የካሽ ጣጣውም አብሮ ያልቃል። አድራሻው ኤፍፒጂኤ ዲዛይኑ ውስጥ ተቸክሎ ከሆነ ግን ወደ ዲቫይስ ትሪው።

የካሽ ጣጣ ያልኩት ይህ ነው፦ ኤፍፒጂኤው በተለመዱት ፈጣን ፖርቶች ሲጽፍ ፕሮሰሰሩ አያውቅም፤ ከካሹ (ለፍጥነት ብሎ ከራም ቀድቶ ካስቀመጠው ቅጂ) አሮጌ ቁጥር ሊያነብ ይችላል። ያገዳችሁትን ቦታ ድራይቨሩ ውስጥ በ«ሜምሪማፕ» ስትከፍቱ «ራይት ኮምባይን» የሚለውን ምረጡ፤ ካሹን ያልፈዋል።

ለማረጋገጥ ሐይቅ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱና ማዕበሉ ሲነሳ ላፕቶፕ ይዞ ጀልባ ላይ መቀመጥ ጤና አይደለም። ቤት ሆናችሁ ባፈሩን በሚታወቅ ቁጥር ሙሉት። ከዚያ ከራሙ የሚበልጥ ፋይል አንብቡ። ቁጥሩ ካልተነካ ተሳክቷል። «ፕሮክ» ውስጥ ባለው «ሜምኢንፎ» ፋይል ላይ ጠቅላላው ራም ባገዳችሁት ልክ መቀነሱንም እዩ። ካልቀነሰ ቦርዱ አዲሱን ዲቫይስ ትሪ አልጫነም፤ አሮጌውን ፋይል ቡት ፓርቲሽኑ ላይ ረስታችሁት ይሆናል።

እስካሁን የቀዳችሁትን ዳታ ግን አትመኑት። ከርነሉ የእናንተን ባፈር እንዳበላሸ ሁሉ ኤፍፒጂኤውም የከርነሉን ሲያበላሽ ነበር። ወደ ካርዱ ሊጻፍ ወረፋ የሚጠብቅ ፋይል ላይ የሶናር ሲግናል ተደርቦበት ሊሆን ይችላል። ካርዱን ፎርማት አድርጋችሁ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫኑ።