ለአራት ወር የሚቆም ሚኒባስ ባትሪ

ወንድሜ፣ አብሽር፤ ባትሪህ ይተርፋል። ሚኒባሱን ክረምቱን ጨምሮ ለአራት ወር አቁመህ ልትሄድ ነው። ጎረቤትህ በየማለዳው አምስት ደቂቃ ሊያስነሳልህ ቃል ገብቶልሃል፤ ካልሆነም የደሴ ብርድ ባትሪውን እንዳይገድለው ኮምቦልቻ ዘመድ ግቢ ልታወርደው አስበሃል። ሁለቱንም አታድርግ።

ከብርዱ ልጀምር። ብርድ የናፍጣ ሞተርን ማስነሳት ያከብዳል፤ ለተቀመጠ ባትሪ ግን ይበጃል። ባትሪ ሳይነካ በራሱ የሚያጣው ኃይል የሚፋጠነው በሙቀት ነው። በደንብ የተሞላ ባትሪ ደሴ በማታውቀው ብርድ ካልሆነ በቀር በረዶ አይሆንም። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች ከተማ ስለሆነች መኪናው እዚያው ደሴ ይቁም።

ባትሪውን የሚጨርሰው መኪናው ራሱ ነው። ቁልፉ ተነቅሎም አላርሙ፣ ሬዲዮውና የሞተሩ ኮምፒውተር ጥቂት ጥቂት ይወስዳሉ። 50 ሚሊአምፔር ብቻ ቢወስዱ እንኳ በቀን 1.2፣ በወር 36 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአንድ ወር ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ባዶውን ሲቆይ ደግሞ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ የሚጋገረው ሰልፌት የሚባል ጨው ይጠነክርና ባትሪው ከዚያ በኋላ ቢሞላም አይይዝም።

የአምስት ደቂቃው ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ ብዙ ደህና ባትሪ በዚህ ሲበላሽ አይቻለሁ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከባትሪው ብዙ ይወስዳል፤ ቆሞ በዝግታ የሚዞር ሞተር ግን ያንን በአምስት ደቂቃ በአግባቡ አይመልስም። ሞተሩም ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ዘይቱና ጭስ ማውጫው ውስጥ ውሃ ይቀራል። ጎረቤትህ መንጃ ፈቃድ ካለው በየሁለት ሳምንቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ደርሶ ይመለስ፤ ለጎማውም ለፍሬኑም ይጠቅማል። ጉም ባለበት ቀን ግን አይሂድ።

ካልቻለ ነገሩ ቀላል ነው። ከመሄድህ በፊት ባትሪውን እስከ መጨረሻው አስሞላ። መክደኛ ያለው ከሆነ ውሃውን እይ፤ ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ ወይም የቧንቧ ውሃ አይደለም። ሌሊቱን አሳድረህ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለካው፤ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት። ከዚያ የኔጌቲቩን ገመድ ፍታና በጨርቅ ጠቅልለህ አርቀው። ፖዘቲቩን አስቀድመህ ብትፈታ መፍቻው ቦዲውን ሲነካ ብልጭታ ይፈጥራል። ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ አስቀድመህ ጻፈው፤ በሮቹንም በእጅ ቆልፍ፣ ሪሞቱ አይሠራም።

ጎረቤትህ በወር አንድ ቀን ይለካልህ። ከ12.4 በታች ካገኘው ያስሞላው። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቆይ ቻርጀር ከገዛህ ሲሞላ ራሱን የሚቀንሰውን ምረጥ፤ የማይቀንሰው ውሃውን አፍልቶ ይጨርሰዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራሱ ሥራ መጀመሩንም ሱቁ ውስጥ ነቅለህ መልሰህ ሰክተህ አረጋግጥ፤ አንዳንዱ ቁልፍ ካልተጫነ አይነሳም። በሶላር ሙላው ብለው የመከሩህ ወንድሞች አሳባቸው መልካም ነው፤ መኪናህ ግን ቆርቆሮ ሥር ስለሚቆም አይጠቅምህም።

ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው? አራትና አምስት ዓመት ከሆነው ከመሄድህ በፊት በጭነት፣ ማለትም ብዙ ኃይል እያስወጣ የሚፈትን ጋራዥ ውሰደው፤ ደካማ ሆኖ ከተገኘ አዲሱን ስትመለስ ግዛ እንጂ አሁን ገዝተህ አታስቀምጠው።