«ሰባቱ ገብተው አንዷ በላችኝ»፦ ስለ ብዙ ጨዋታ ቲኬት የጠየቃችሁን

ስለ ቤቲንግ የሚጽፉልን አንባቢዎች በዝተዋል። ስለዚህ ዛሬ ዓምዱን በሙሉ ለነሱ ለቀነዋል። ተጫወቱም አትጫወቱም አልልም፣ ማንም ሰምቶኝ አያውቅም። ሒሳቡን ግን ቁጭ አድርጌላችኋለሁ።

«ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ጨዋታ አንድ ላይ እቆርጣለሁ። የምመርጠው ትልልቆቹን ቡድኖች ብቻ ነው። ኦዳቸው 1.25 ምናምን ስለሆነ የተረጋገጡ ናቸው ማለት ይቻላል። ግን ሁሌ አንዷ ታበላሽብኛለች። ሰባቱ ገብተው አንዷ በላችኝ ማለት ሰለቸኝ። ዕድሌ ነው ወይስ የማላውቀው ነገር አለ?» አ.ተ.፣ ከጀሞ

ወንድሜ፣ ዕድልህ ደህና ነው። ጉዱ ያለው ብዜቱ ውስጥ ነው።

የስምንቱ ጨዋታ ኦድ፣ ማለትም ስታሸንፍ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ አይደመርም፣ ይባዛል። 1.25ን ስምንት ጊዜ ስታባዛው 5.96 ይመጣል። 100 ብር ካስያዝክ 596 ብር ይጽፍልሃል። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ ቲኬቱ ላይም ታትሟል። ያልታተመው ዕድልህም አብሮ እየተባዛ ቁልቁል መውረዱ ነው።

እንየው። 1ን ለ1.25 ስታካፍል ኦዱ የሚያሳየውን የማሸነፍ ዕድል፣ 80 በመቶን፣ ታገኛለህ። አወራራጁ ቤት ግን ኦዱን የሚያወጣው ትርፉን ቀንሶ ስለሆነ እውነተኛው ዕድል ከዚያ ዝቅ ይላል፣ 76 በመቶ እንበለው። ለብቻዋ ስትታይ ቆንጆ ናት፣ ከአራት ሦስቴ ትገባለች። አሁን 0.76ን ስምንት ጊዜ አባዛው። 11 በመቶ ነው የሚመጣው! ከዘጠኝ ቲኬት አንዱ ቢገባልህ ነው። ዘጠኙን በመቶ መቶ ብር ብትቆርጥ 900 ብር አውጥተህ 596 ይመለስልሃል ማለት ነው፣ ያውም ነገሩ በአማካዩ ከሄደልህ።

ያቺ «አንዷ» የምትላት ደግሞ የራሷ ሒሳብ አላት። በዚሁ ስሌት ልክ ሰባቱ ገብተው አንዷ ብቻ የምትወድቅበት ዕድል 28 በመቶ ነው። ሙሉው ከሚገባበት ከእጥፍ በላይ። በየሳምንቱ የሚቆርጥ ሰው በወር አንዴ ገደማ «ለጥቂት አመለጠኝ» ይላል፣ ሙሉ በሙሉ የሚገባለት ግን በዓመት ስድስት ጊዜ ቢሆን ነው። ስለዚህ ለጥቂት ማምለጡ ልታሸንፍ ተቃርበህ እንደነበር አያሳይም። የቲኬቱ ጠባይ ነው። እንደውም ሰውን በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሶ የሚያመጣው ይሄ ይመስለኛል፣ ስምንቱም ቢወድቁበት ኖሮ ተናዶ ይተወው ነበር።

«የተረጋገጠ» ያልከውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የኳታር ዓለም ዋንጫ፣ አርጀንቲና ከሳዑዲ አረቢያ። አርጀንቲና 36 ጨዋታ ሳትሸነፍ ነው የመጣችው። ሜሲ ገና በ10ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ። በዚያው አጋማሽ ሌላ ሦስት ጎል አግብተው ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሻረባቸው። አርጀንቲናን የያዘ ሁሉ እግሩን ዘርግቶ ሻዩን እየጠጣ ነበር። ከዕረፍት መልስ በ48ኛውና በ53ኛው ደቂቃ ሳዑዲዎች ሁለት አስቆጠሩና አለቀ፣ 2 ለ 1። በማግስቱ ደግሞ ጀርመን በጃፓን በዚያው ውጤት ተሸነፈች። አርጀንቲናን ቲኬት ማሟያ ብሎ የጨመራት ሰው፣ ከሷ ሌላ የመረጣቸው ሁሉ ቢገቡለት እንኳ፣ ቤሳ አላገኘም።

አሁን ዋናው ነገር። 100 ብር 1.25 ኦድ ባላት አንዲት ጨዋታ ላይ ብታስይዝ በአማካይ 95 ብር ይመለስልሃል፣ ቤቱ 5 ብር ወሰደ። ስምንቱን ስታገናኝ ግን የሚመለሰው 66 ብር ገደማ ነው። አንድ ዕቃ ስምንት ደላላ እጅ ሲያልፍ እያንዳንዱ የራሱን እንደሚቆርጠው ነው። «ስምንት ጨዋታ ለቆረጠ 10 በመቶ ቦነስ» የሚለው ማስታወቂያም ሲሰላ 66ቷን ወደ 73 ነው የሚያደርሳት። ቦነሱ ውሸት አይደለም፣ ግን ከተወሰደብህ ላይ ነው የተቆነጠረው። ለብዙ ጨዋታ ቦነስ የሚሰጠው ቤት ለአንዲት ጨዋታ ለምን እንደማይሰጥ አሁን ሳይገባህ አይቀርም።

«እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ፓርሌይ ፓርሌይ ይላሉ። ከአገር ቤቱ ቲኬት ጋር አንድ ነው? ማይነስ 110፣ ፕላስ 264 የሚሉት ቁጥርም ግራ ያጋባኛል። ደግሞ ከአንድ ጨዋታ ውስጥ ብቻ አራት አምስት ነገር አገናኝቶ መቁረጥ አለ፣ እሱስ ያዋጣል?» ሰ.፣ ከአሌክሳንድሪያ

አንድ ነው። እንግሊዞች አኩሙሌተር ይሉታል፣ አሜሪካኖች ፓርሌይ፣ እኛ ቲኬት ብለን እንገላገላለን። ሁሉም መግባት አለበት፣ አንዱ ከወደቀ ሁሉም ወደቀ።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ማይነስ ካለ፣ 100 ዶላር ለማትረፍ ስንት ማስያዝ እንዳለብህ ይነግርሃል። ማይነስ 110 ማለት 110 አስይዘህ 100 ታተርፋለህ። ፕላስ ካለ ደግሞ 100 ብታስይዝ የምታተርፈው ነው። ፕላስ 264 የምትለውን ቁጥር ያየኸው የሁለት ጨዋታ ፓርሌይ ላይ ሳይሆን አይቀርም፣ ሁለት ማይነስ 110 ሲባዙ የሚመጣው እሱ ነው። ማይነስ 110 አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ግማሽ በግማሽ ለሆነ ነገር ነው። ሁለት ግማሽ በግማሽ አብረው የሚገቡት ከአራት አንዴ ስለሆነ ፍትሐዊው ክፍያ ፕላስ 300 ነበር። ሦስት ሲሆን ፕላስ 596 ይከፍሉሃል፣ ፍትሐዊው 700 ነው። በአንዱ ጨዋታ ላይ 4.5 በመቶ ገደማ የነበረው የቤቱ ድርሻ በሦስቱ 13 በመቶ ደረሰ።

ኔቫዳ ግዛት ውስጥ ውርርድ ሕጋዊ ከሆነ ብዙ ጊዜው ስለሆነ ሒሳቡ ለዓመታት ተመዝግቧል። የፓርሌይ ካርድ ላይ ከተያዘው ከእያንዳንዱ ዶላር ወደ 30 ሳንቲም ቤቱ ጋ ይቀራል። የስፖርት ውርርዱ ሁሉ አንድ ላይ ሲታይ ግን 5 ሳንቲም ገደማ ነው የሚቀረው። በ2018 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለየግዛቶቹ በሩን ከፈተ፣ ቨርጂኒያም በ2021 መጀመሪያ ጀመረች። ያን ጊዜ ኩባንያዎቹ በየስልካችሁ ላይ የገፉት የትኛውን ይመስልሃል? መተግበሪያቸው ሲከፈት ፊት ለፊት የሚመጣውን ሥዕል እይ፣ ፓርሌይ ነው።

የአንድ ጨዋታው ጉዳይ ለየት ይላል። «ማንቸስተር ሲቲ ያሸንፋል» እና «ሃላንድ ያገባል» ብለህ አገናኘህ እንበል። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው፣ ሃላንድ ካገባ ሲቲ የማሸነፍ ዕድሉ ይጨምራል። ኩባንያው ይሄን ስለሚያውቅ ኦዶቹን ዝም ብሎ አያባዛልህም፣ በራሱ ቀመር ቀንሶ ይሰጥሃል። መቀነሱ ተገቢ ነው። ስንት መቀነስ ነበረበት የሚለውን ግን አንተ የምታመሳክርበት መንገድ የለህም። ሁለት ጨዋታ ቢሆን ካልኩሌተር አውጥተህ ታባዛለህ፣ እዚህ ጋ የሰጡህን መቀበል ብቻ ነው። እኔ ብሆን ዋጋው ተገቢ ይሁን አይሁን ማወቅ የማልችለውን ነገር አልገዛም።

በነጥብ ልዩነት የያዝከው አንዱ ምርጫ ልክ በተሰጠው ቁጥር ላይ ካለቀ ወይም ጨዋታው ከተሰረዘ ቲኬቱ አይወድቅም፣ ያቺ ትወጣና በቀሩት ይሰላል። አገር ቤትም የተሰረዘ ጨዋታ ኦዱ 1.00 ሆኖ ይታሰባል። ለሌላ ቀን የተላለፈ ጨዋታ ስንት ሰዓት ይጠበቃል የሚለው ግን እንደየቤቱ ደንብ ነው፣ ሳትቆርጥ አንብበው።

«የኳታር ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ አርጀንቲና ታሸንፋለች ብዬ ቆርጬ ዋንጫውን ወስደዋል፣ ግን አልተከፈለኝም። ጓደኛዬ ልክ ናቸው ይላል። እስከዛሬ እንከራከራለን፣ ዳኙን።» ከሀዋሳ

ጓደኛህ ረታህ። «ያሸንፋል» የሚለው ውርርድ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በቀር የሚቆጠረው በ90 ደቂቃና በባከነው ሰዓት ነው። አርጀንቲና 2 ለ 0 እየመራች የፈረንሳዩ እምባፔ በ80ኛውና በ81ኛው ደቂቃ አከታትሎ አገባና 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ። ጭማሪው 3 ለ 3፣ ከዚያ መለያ ምት። ባንተ ቲኬት ላይ ውጤቱ አቻ ነው። «ዋንጫውን ታነሳለች» ብሎ የቆረጠው ነው የበላው።

ባይሆን አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልህ፣ በኋላ እንዳትገረም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ በዕድል ጨዋታ አሸናፊ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፣ ከ1,000 ብር በታች የሆነው ብቻ ነው የተተወለት። በዚያ ስሌት 5,000 ብር የበላ ሰው እጁ የሚገባው 4,250 ነው። ባለስምንት ጨዋታ ቲኬት ትልቅ ቁጥር ስለሚጽፍ ግብሩ ቶሎ ይደርስበታል።

«ሰባቱ ገብተው አንድ ጨዋታ ሲቀር ካሽ አውት ይመጣል። ልንካው ልተወው?» ከባሕር ዳር

ካሽ አውት ማለት ጨዋታው ሳያልቅ ቤቱ ቲኬትህን በሆነ ዋጋ መልሶ ልግዛህ ሲልህ ነው። የጀሞውን ቲኬት ውሰድ። 596 ብር የሚያስገኝ ነው፣ የቀረችው ጨዋታ 76 በመቶ ዕድል አላት። ዋጋው 453 ብር ገደማ ነው ማለት ነው። ቤቱ 400 ቢሰጥህ በልዩነቱ ሁለተኛ ጊዜ ቆረጠብህ። የመጀመሪያው ቲኬቱን ስትቆርጥ ነበር። ብሩ በጣም ካስፈለገህና እንቅልፍ ከነሳህ ንካው፣ ማንም አይፈርድብህም። በየሳምንቱ እየነካህ ግን «አስተማማኝ ስልት አገኘሁ» አትበል።

«ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ቴሌግራም ላይ ፊክስድ ጨዋታ፣ ውጤቱ አስቀድሞ ያለቀለት ነው የሚሉትን፣ የሚሸጡ አሉ፣ ሦስት ጊዜ በነፃ የላኩለት በሙሉ ገብቷል። አሁን የሚከፈልበት ቪአይፒ ቡድናቸው ለመግባት 2,000 ብር አበድሪኝ እያለኝ ነው። ከዚህ በፊትም ለቤት ኪራይ ብሎ የወሰደውን የት እንዳደረሰው ጠርጥሬያለሁ። ምን ላድርግ?» እህት፣ ከደሴ

እህቴ፣ ሦስቱ መግባታቸው እውነት ሊሆን ይችላል። እንዴት እንደሚሠሩት ልንገርሽ። ለ800 ሰው ይልካሉ፣ ለግማሹ «ባለሜዳው ያሸንፋል»፣ ለግማሹ «አያሸንፍም»። የተሳሳተ የደረሳቸውን 400 ይተዋቸዋል፣ ለቀሩት ደግሞ ሁለተኛ ጨዋታ እንደዚያው ለሁለት ከፍለው ይልካሉ። 200 ይቀራሉ። ሦስተኛው ላይ 100። እነዚህ መቶ ሰዎች ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲገባ በዓይናቸው አይተዋል፣ ስለዚህ ይምላሉ። ወንድምሽ ከመቶዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ ደግሞ ይሄንንም አይደክሙም፣ የወደቀውን ፖስት አጥፍተው የገባውን ብቻ ይተዋሉ፣ ወይ የቲኬቱን ፎቶ በስልክ አስተካክለው ይለጥፋሉ። በእውነት የተሸጠ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ምስጢሩን በ2,000 ብር ለማያውቀው ሰው አይቸረችርም፣ ኦዱ እንዳይወርድበት ዝም ብሎ ራሱ ይቆርጣል።

ከወንድምሽ ጋር በስብከት አትጀምሪ፣ ይሸሽሻል። የቴሌብሩን ወይም የባንኩን የሦስት ወር ዝርዝር አውጥታችሁ አብራችሁ እዩት። ወደ ቤቲንግ የወጣውን ባንድ በኩል፣ የተመለሰውን በሌላ በኩል ደምሩት። ሰው የበላበትን ቀን ያስታውሳል፣ የተበላበትን ይረሳል፣ ዝርዝሩ ግን አይረሳም። ያን አይቶም «ማቆም አቃተኝ» ካለሽ ይሄ የሕክምና ጉዳይ ነው፣ አማኑኤል ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ፣ የቁማር ሱስም እንደ ሌላው ሱስ ይታከማል።

ኪራዩ እውነት ከሆነ ስልክ ደውለሽ ለአከራዩ በቀጥታ ላኪላቸው። ለቪአይፒው ግን ሰባራ ሳንቲም አትስጪው።