መልስ፦ የሁለት ዓመት ልጄን ኮሮና ቢይዘው ያሰጋዋል?
እህቴ፣ አባቱ ኮሮና ተገኝቶበት ልጅሽም ማተኮስ ከጀመረ መጨነቅሽ አይገርምም። አብዛኞቹ ትንንሽ ልጆች ግን እንደ ጉንፋን፣ አንዳንዴም በተቅማጥና በትውከት ይዟቸው በቀናት ውስጥ ይሻላቸዋል። ፈሳሽ ደጋግመሽ ስጪው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይሆናል፤ አስፕሪን ግን በፍጹም! አሞክሳሲሊንም የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ እንደ ኮሮና ባለ ቫይረስ ላይ አይሠራም፣ ፋርማሲ ሮጦ መግዛት ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ። ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ሳታሳድሪ ሐኪም ቤት ውሰጂው። (ከ3 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ትኩሳቱ ብቻውን ለመሄድ ይበቃል።) ከተያዘ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት ከሽፍታ፣ ከዓይን መቅላትና ከሆድ ሕመም ጋር ከመጣበት ደግሞ ኮሮና ይዞት እንደነበር ለሐኪሙ ንገሪው። ይህ ብዙ ልጅ ላይ አይታይም፤ ግን ከኮሮና በኋላ የሚመጣ፣ ልብን ሊጎዳ የሚችል የሰውነት መቆጣት ነው።