በአሮጌ ስልክ ላይ ኤአይ ኤጀንት፦ ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ባለ 2 ጊጋ ራም የቆየ ስልክ አለኝ። ኤጀንት ይሸከማል?

ኤጀንቱን ይሸከማል፣ ሞዴሉን፣ ማለትም የሚያስበውን የኤአይ አንጎል፣ ግን አይመኑት። ኤጀንቱ መልእክት ተቀብሎ ሞዴሉን የሚጠይቅ፣ ከዚያም የታዘዘውን የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ተርመክስ በሚባለው፣ አንድሮይድ ላይ የሊኑክስ ትእዛዝ በሚያሠራ አፕ፣ በፓይተን ቋንቋ ይሄዳል። ራም የሚበላው ሞዴሉ ነው። ኩዌን 2.5 የሚባለው ሞዴል፣ ባለ 0.5 ቢሊዮን ፓራሜትሩ (ፓራሜትር የሞዴሉ ውስጣዊ ቁጥር ነው)፣ እያንዳንዱ ቁጥር ወደ 4 ቢት ገደማ ተጨምቆ እንኳ ከ400 እስከ 500 ሜጋ ባይት ይይዛል። ላማ ሲፒፒ በሚባለው የሞዴል ማስኬጃ ፕሮግራም ይነሳል፤ ነገር ግን ትእዛዝ ሲደራረብበት ይቀባዥራል። እኔ ብሆን ስልኩን ተላላኪ አድርጌ፣ ማሰቡን ቤት ላለ ኮምፒውተር ወይም ለሩቅ ሰርቨር እተወዋለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ በአማርኛ ባዋራውስ?

ትንንሾቹ ሞዴሎች አማርኛ ላይ ደካሞች ናቸው። ደግሞም አንድ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት ስልት) 3 ባይት ስለሚይዝ ጽሑፉ ብዙ ቶክን (ሞዴሉ የሚያነበው ቁራጭ) ላይ ይበታተናል፤ ስልኩም ይንቀራፈፋል።

ከመሐል ሜዳ፣ ያው ጠያቂ፦ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋስ?

መብራቱን ባትሪው ይችለዋል። ለኔትወርኩ የቴሌግራም ቦት ይጠቀሙ፤ ስልኩ ራሱ እየሄደ «አዲስ መልእክት አለ?» ስለሚል የራስዎ ቋሚ አይፒ (የማይለወጥ የኢንተርኔት አድራሻ) አያስፈልግም። ቴሌግራም ያልተወሰደ መልእክት እስከ 24 ሰዓት ያቆያል፤ ከዚያ ካለፈ ቀረ።

ከሸዋ ሮቢት፦ እዚህ ሙቀት ነው። ቀን ከሌት ቻርጅ ላይ ይቆይ?

አይቆይ፣ እህቴ። ሁልጊዜ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰክቶ የሚውል ባትሪ፣ በተለይ በቆላ ሙቀት፣ ያብጣል። የጀርባው ክዳን ትንሽ እንኳ ከተነሣ ስልኩን አጥፍተሽ ከቤት አውጪው፤ በመርፌ ልብሳው እንዳትዪ። ተርመክስ ኤፒአይን (የስልኩን መረጃ ለተርመክስ የሚያቀብለውን ተጨማሪ አፕ) ብትጭኚ ኤጀንቱ የባትሪውን ሙቀት ራሱ ያነባል። እኔ 45 ዲግሪ ሲደርስ ሥራ እንዲያቆም አድርጌዋለሁ። ስልኩን ጣራ ሥር ከቆርቆሮው አጠገብ አታስቀምጪው።

ከደብረ ሲና፦ ስክሪኑ ሲጠፋ ኤጀንቱም ይሞታል።

የተርመክስን ዌክ ሎክ (ስልኩ እንዳይተኛ የሚይዘውን) ክፈት፣ ከባትሪ ቁጠባም አስወጣው። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ሲስተሙ ከ32 በላይ የሆኑ የልጅ ሂደቶችን (አፖች በውስጣቸው የሚያስነሷቸውን ንዑስ ፕሮግራሞች) ይገድላል። ተርመክስን ደግሞ ኤፍ-ድሮይድ ከሚባለው የነጻ አፖች ማከማቻ አውርደው።

ከመንዲዳ፦ ኤስኤምኤስ እንዲያነብ ልፍቀድለት?

ቴሌብር ያለበት ሲም ከሆነ በጭራሽ! የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚመጣው በዚያው ነው። የማያውቁት ሰው «የቀደመውን ትእዛዝ ትተህ ይህን ላክልኝ» ብሎ ቢጽፍ ሞዴሉ ሊታዘዝ ይችላል። ሲሙን አውጥተው በዋይፋይ ያሠሩት፤ ቦቱም ከእርስዎ አካውንት ለመጣ መልእክት ብቻ ይመልስ።

ከአንኮበር፦ ንክኪው የተበላሸ ስልክ ይሆናል?

ይሆናል። በኦቲጂ ገመድ (ስልክ ላይ ማውዝ በሚያስሰካው) ማውዝ ሰክተህ ተርመክስ ላይ ኤስኤስኤችን (ከሌላ ኮምፒውተር መግቢያውን) አስነሣ፤ ከዚያ በኋላ በፖርት 8022 ከኮምፒውተር ትገባለህ።