«ይበሰብሳል» የተባለው ፌስታል ደሴ ላይ ይበሰብሳል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ሽንኩርት ቲማቲም ዘይት ምናምን ነው የምሸጠው። ፌስታል ተከለከለ ከተባለ ወዲህ ደንበኛው ባዶ እጁን ይመጣና በምን ልያዘው ይለኛል። ሰሞኑን ደሞ አንድ ነጋዴ ከኮምቦልቻ አረንጓዴ ፌስታል ይዞ መጥቶ ይሄ ከበቆሎ የተሰራ ነው፣ ሜዳ ላይ ብትጥይውም ራሱ አፈር ይሆናል አለኝ፣ ዋጋው ግን ከድሮው እጥፍ ነው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? ጓሮዬ ጎመን አለኝ፣ እዛው ብቀብረውስ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሰውዬው ጭራሽ አልዋሸሽም ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። ከበቆሎ ስታርች የሚሰራ ፒኤልኤ የሚባል ፕላስቲክ አለ፣ ብቻውን ግን ድርቅ ስለሚል ለፌስታል ሲሆን ብዙ ጊዜ ፒቢኤቲ ከሚባል ጋር ይደባለቃል፣ እሱ ደሞ የሚመረተው ከነዳጅ ነው ግን ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ከበቆሎ መጣ አልመጣ ብዙም አያስጨንቅሽ። ጉዳዩ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። ኢኤን 13432 የሚባለው የአውሮፓ መስፈርት ይበሰብሳል የሚለው በትልቅ የኮምፖስት (ከብስባሽ የሚሰራ ማዳበሪያ) ማምረቻ ውስጥ 58 ዲግሪ አካባቢ ሲገኝ ነው፣ እዛ በ12 ሳምንት ይበጣጠሳል፣ በ6 ወር ደሞ 90 ከመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀየራል። 58 ዲግሪ ማለት እጅሽን ከተሽ የማትቆይበት ትኩሳት ነው፣ እኛ ደሞ ጦሳ ተራራ ስር 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ጋቢ ደርበን ነው የምንኖረው፣ ልትቀብሪበት ያሰብሽው የጎመንሽ ጥግ ለሳምንታት እሱን ያህል ሙቀት ይይዛል ብለሽ አትጠብቂ።

በ2019 እ.ኤ.አ የእንግሊዝ ፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ፣ «ባዮዲግሬደብል» (በተፈጥሮ ይበሰብሳል ማለት ነው) የተባለ ፌስታል አፈር ውስጥም ባህር ውስጥም 3 ዓመት ቆይቶ ወጥቶ እቃ ይሸከም ነበር! ኮምፖስት ይሆናል የተባለው ባህር ውስጥ በ3 ወር ጠፍቷል፣ አፈር ውስጥ ግን ከ27 ወር በኋላም እዛው ነበር፣ እቃ ሲያስገቡበት ነው የተቀደደው። እና ሜዳ ላይ የተጣለው ዝናብ ሲመጣ በቦርከና ወንዝ አድርጎ ኮምቦልቻ ነው የሚወርደው፣ በመንገድ ላይ ላም ካገኘችው ደሞ ትበላዋለች፣ ሆዷ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እዛ ቶሎ ይሟሟል ብለሽ አትተማመኚ።

ከሁሉ የባሰው ኦክሶ የሚባለው ነው። ያው ተራ ፕላስቲክ ሆኖ ቶሎ እንዲሰባበር ኬሚካል የተጨመረበት፣ በስብሶ ሳይሆን ደቅቆ ነው የሚጠፋው፣ ማለት አይጠፋም፣ አይታይሽም እንጂ አፈርሽ ውስጥ አለ። አውሮፓ በ2019 እ.ኤ.አ ባወጣው መመሪያ ከልክሎታል። ስለዚህ ነጋዴው ሲመጣ ቀለሙን ተይውና ጽሑፉን እይ፣ ባዮዲግሬደብል ወይም ኢኮ ብቻ ከሆነ መልሺለት። «ኦኬ ኮምፖስት ሆም» የሚል ካለበት ግን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት በዓመት ውስጥ እንዲበሰብስ የተፈተነ ነው፣ ለጓሮ የሚሆነው እሱ ነው፣ የደሴ ብርድ ላይ ግን ከዓመትም ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ገዝተሽም አታከማቺ፣ እንዲህ ያለው ፌስታል መጋዘን ውስጥ ሲቆይ ራሱ ይሳሳል፣ ሽንኩርቱ መንገድ ላይ ዝርግፍ ሲል የሚሰደበው ነጋዴው ሳይሆን አንቺ ነሽ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ገንዘብሽን ዘንቢልና ኬሻ ላይ አውይው። ለስላሳ ስትሸጪ ጠርሙስ ታስይዢ የለ? ዘንቢሉንም እንደዛው አስይዢው፣ ሲመልስ ብሩን ትመልሺለታለሽ፣ ካልመለሰም ሸጥሽ ማለት ነው። ለዘይቱ መያዣውን ይዞ ይምጣ፣ ቲማቲም ብቻ ነው ትንሽ የሚያስቸግረው፣ እሱን ከላይ ማድረግ ነው በቃ።

ደሞ በ2017 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ላይ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት አለው፣ ስለዚህ «ይበሰብሳል» በሚል ቃል ብቻ ካርቶን ሙሉ ከመግዛትሽ በፊት አንዱን ፌስታል ይዘሽ የከተማው አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሂጂና ይሄ ይፈቀዳል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ነጋዴውንም የምስክር ወረቀቱን አምጣ በይው።