የማታምኚበትን መግለጫ ፈርመሽ ሥራ አትያዢ

የዛሬው ጥያቄ የመጣው አሜሪካ ከምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ያደገችው ሜሪላንድ፣ አጥባቂ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ውስጥ ነው። የምትማረው ግን በመካከለኛው ምዕራብ ባለ አንድ የወንጌላውያን ኮሌጅ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ታጠናለች። ኮሌጁን የመረጠችው ግማሽ ክፍያዋን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ስለሰጣት ነው። ቻፕል (የኮሌጁ የጋራ አምልኮ) መገኘት ግዴታ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርሶችም እንዲሁ። አሁን ራሷን አግኖስቲክ ትላለች። «እግዚአብሔር የለም አልልም። አለ ብዬ መማልም አልችልም» ብላ ጽፋለች።

ባለፈው ሴሚስተር ስለ መጽሐፈ ኢያሱ ጽሑፍ አቅርባ ነበር። የኢያሪኮ ሰዎች ከሕፃን እስከ ሽማግሌ መገደላቸውን እንደ ጽድቅ መቀበል እንደማትችል በግልጽ ጻፈች። ጥሩ ውጤት አገኘች። መምህሩ ግን «ቢሮዬ ነይና እናውራ» አላት። ፈርታ እስካሁን አልሄደችም። በዚህ መሀል የመምህርነት ልምምድ ያደረገችበት የግል የክርስቲያን ትምህርት ቤት «ስትመረቂ እንቀጥርሻለን፣ ከአሁኑ አመልክቺ» ብሏታል። ማመልከቻው የእምነት መግለጫ ላይ መፈረምና የፓስተር ደብዳቤ ማቅረብን ይጠይቃል። ኮሌጁን ልቀይር? ያለሁበትን ልናገር? ሥራውን ልያዝ? እነዚህ ናቸው ጥያቄዎቿ።

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ሥራውን አትያዢ። ቅጹን አትፈርሚ።

ከየት ሆኜ እንደምጽፍልሽ ልንገርሽ። እኔ አማኝ ነኝ። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ግን የሙያ አማካሪሽ እንጂ የንስሐ አባትሽ አይደለሁም። ወደ እምነት ልመልስሽም፣ ከእምነት ላርቅሽም አይደለም የምጽፈው። የሚያሳስበኝ እንጀራሽ ነው። እንጀራሽ በማታምኚበት ፊርማ ላይ ከተመሠረተ ሰላም አይኖርሽም። የሰባት ዓመት ልጅ መጥቶ «ቲቸር፣ እግዚአብሔር ጸሎቴን ይሰማል?» ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ? እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ይህ ጥያቄ የሥራሽ አካል ነው። ጠዋት ጸሎት መምራት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማስተማር፣ ስለ ልጁ መንፈሳዊ ሕይወት ከወላጅ ጋር መነጋገር፣ ሁሉም ከሥራው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ወላጆቹም የሚከፍሉት ለዚሁ ነው። እነሱን ማታለል ተገቢ አይደለም። ፓስተሩም አለ። ደብዳቤ ሲጽፍልሽ ስለ አንቺ ይመሰክራል። እውነቱን ሳትነግሪው ካስጻፍሽው ሳያውቅ በሐሰት ታስመሰክሪዋለሽ።

ሕጉንም ማወቅ አለብሽ፤ ብዙ ልጆቻችን ስለማያውቁት ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ቀጣሪ በሃይማኖት ምክንያት ሠራተኛን እንዳይለይ ይከለክላል። አለማመንም ጥበቃ አለው። ነገር ግን ሕጉ ለሃይማኖት ተቋማት የተለየ ፈቃድ ይሰጣል፤ የእምነታቸውን ሰው መርጠው መቅጠር ይችላሉ። ይህ ፈቃድ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለማየት የ1987ቱን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተመልከቺ። ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ጂም ነበር። ለዓመታት የሠራ አንድ የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ የቤተ ክርስቲያኗን መስፈርት ስላላሟላ ተባረረ። ፍርድ ቤቱ ለቤተ ክርስቲያኗ ፈረደ። ሰውዬው ጸሎት አይመራም፣ ሕፃን አያስተምርም። እሱ እንዲህ ከሆነ አስተማሪ ምን ትሆናለች?

አስተማሪን በተመለከተ ደግሞ 2020 ላይ የበለጠ ግልጽ ሆኗል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት የካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። አንዷ በዕድሜዬ፣ ሌላዋ በጡት ካንሰር ሕመሜ ምክንያት ነው ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ጉዳዩን አልገባበትም አለ። ሃይማኖትን ለልጆች የማስተማር ኃላፊነት ስላለባቸው ማን ይቅጠራቸው፣ ማን ያሰናብታቸው የሚለው የሃይማኖት ተቋሙ ጉዳይ ነው ተባለ። ልብ በዪ፣ ክሳቸው ስለ እምነት እንኳ አልነበረም። እዚያ ስትገቢ ሌላው ሠራተኛ ያለውን የሕግ ከለላ በከፊል በር ላይ ትተሽ ነው።

ፈርሞ ዝም ብሎ መኖርም ዋስትና አይደለም። ላሪሺያ ሆኪንስ ኢሊኖይ ባለው ዊተን የሚባል የወንጌላውያን ኮሌጅ የፖለቲካ ሳይንስ ፕሮፌሰር ነበረች። ክርስቲያን ናት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ከሙስሊሞች ጎን መቆሟን ለማሳየት ሒጃብ ለበሰች። ክርስቲያንና ሙስሊም የሚያመልኩት አንድ አምላክ ነው ብላም ጻፈች። ኮሌጁ ይህ ከእምነት መግለጫችን ጋር ይጋጫል አለና ከሥራ አገዳት። በየካቲት 2016 ኮሌጁና እሷ ተለያዩ። ቋሚ የመምህርነት መብት ያላት፣ በሙሉ ልቧ የምታምን ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ትርጉም ከሥራዋ ከተለየች፣ ከመጀመሪያው የማታምነው ምን ዋስትና አላት?

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ብዙዎቹ የወንጌላውያን የእምነት መግለጫዎች ቅዱሳት መጻሕፍት 66 ናቸው ይላሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን 81 ናቸው። መግለጫው እንዲህ የሚል ከሆነ አባትሽ ራሳቸው ሊፈርሙት አይችሉም። የተዋሕዶ ልጆች ሳያነቡ ሲፈርሙ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል። ፊርማ ቀላል ነገር አይደለም።

ከገንዘብም አንጻር ሥራው እንደመሰለሽ አይደለም። በአሜሪካ የግል ትምህርት ቤት መምህር በአማካይ ከፐብሊክ ስኩል (ከመንግሥት ትምህርት ቤት) መምህር ያነሰ ይከፈለዋል። ብዙ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች የስቴት ላይሰንስ (የመምህርነት ፈቃድ) አይጠይቁም፤ የራሳቸው ማኅበር የሚሰጠው ሰርተፊኬት አላቸው። ያ ሰርተፊኬት ብቻውን ፐብሊክ ስኩል አያስገባሽም። ስለዚህ ከመመረቅሽ በፊት አድቫይዘርሽን ይህን ጠይቂ፦ የእኛ ፕሮግራም በስቴቱ የጸደቀ ነው ወይ? ከሆነ ፈተናሽን አልፈሽ ላይሰንስሽን አውጪ። ሜሪላንድ መመለስ ካሰብሽ የሌላ ስቴት ላይሰንስ እንዴት እንደሚዛወር የሜሪላንድ ትምህርት ቢሮን ጠይቂ። የመጨረሻ ዓመት የማስተማር ልምምድሽን ደግሞ ፐብሊክ ስኩል አድርጊው። ብዙ የክርስቲያን ኮሌጆች ከአካባቢያቸው ፐብሊክ ስኩሎች ጋር ይሠራሉ፤ ቦታው ግን ቀድሞ ለጠየቀ ነው።

ፐብሊክ ስኩል ኢንተርቪው ላይ እምነትሽን ማንም የመጠየቅ መብት የለውም። ሕገ መንግሥቱ ለመንግሥት ሥራ የሃይማኖት ፈተና ይከለክላል። ይህን ያጸናው አንዱ ትልቅ ፍርድ የተወለደው ካደግሽበት ስቴት ነው። ሮይ ቶርካሶ የሚባል ሰው ሜሪላንድ ውስጥ ኖተሪ ፐብሊክ (ሰነድ አረጋጋጭ) ሊሆን ተሾመ። በእግዚአብሔር መኖር አምናለሁ ብሎ እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ። እምቢ አለ። ሹመቱ ተከለከለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1961 ሁሉም ዳኞች ተስማምተው ለእሱ ፈረዱ። አንቺም መንገድሽ ይህ ነው። ሲቪሽ ላይ አግኖስቲክ ነኝ ብለሽ መጻፍ አያስፈልግሽም። ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምረሽ ከነበረ ግን ጻፊው። ያ እውነት ነው፤ ልምድም ነው።

ለትምህርት ቤቱ የምትመልሺው አጭር ይሁን። «ስላሰባችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የእምነት መግለጫችሁን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። በሙሉ ልብ ልፈርመው ስለማልችል ማመልከቻ አላስገባም። እናንተ ጋር የተለማመድኩበት ጊዜ ብዙ አስተምሮኛል።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ኮሌጁን ስለመቀየር። በዚህ ሰዓት አልመክርሽም። ሦስተኛ ዓመትሽን ስትጨርሺ ከ120 ክሬዲት 90 ገደማ ይኖርሻል። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪያቸውን ለመስጠት ቢያንስ 30 ያህል ክሬዲት እነሱ ጋር እንድትወስጂ ይፈልጋሉ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርሶችሽን ላይቆጥሩልሽ ይችላሉ። የመምህርነት ፕሮግራም ደግሞ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ተጨማሪ አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ሊወስድብሽ ነው። ፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥቱ የማይመለስ የትምህርት ድጎማ) ካለሽ ይከተልሻል። የኮሌጁ ስኮላርሺፕ ግን እዚያው ይቀራል። በቤተሰብ ሥር ያለ ተማሪ በዚህ ደረጃ ከፌዴራል መንግሥት በዓመት ሊበደር የሚችለው ቢበዛ 7,500 ዶላር ነው። ቀሪውን ማን ይከፍላል? አባትሽ እንዳይሆኑ እሰጋለሁ።

ይህ ምክሬ የሚሠራው ግን አንድ ነገር ካጣራሽ ነው። ኮሌጅ ስትገቢ ምን ፈረምሽ? ወረቀቱን አውጥተሽ አንብቢው። አንዳንድ ኮሌጆች ተማሪን የሚያስፈርሙት ሥነ ምግባር ላይ ብቻ ነው፦ አትጠጪ፣ ቻፕል አትቅሪ፣ አትኮርጂ። ይህን ማንም ሰው ምንም ይመን ምን ሊጠብቅ ይችላል። አንቺም ጠብቂው። ሌሎች ግን ተማሪው አማኝ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ስኮላርሺፑም የራሱ ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ይችላል። የሚያስፈርሙሽ እምነት ላይ ከሆነና በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። ያኔ ከቀጣዩ ፊርማ በፊት የተማሪዎች ዲንን አነጋግሪ። ስኮላርሺፑን የምታጪ ቢሆን እንኳ የትራንስፈሩን ወጪ ከእሱ ጋር አስተያዪና ወስኚ። እዚህ ላይ ዋሽተሽ እለፊው አልልሽም።

አሁን ወደ ትችትሽ። እዚህ ላይ ነው በጣም ደስ ያለኝ።

ወደዚያ መምህር ሂጂ። ሊቆጣ ቢፈልግ በውጤትሽ ይቆጣ ነበር። ጥሩ ማርክ ሰጥቶ «እናውራ» ያለ ሰው በቁም ነገር አንብቦሻል ማለት ነው። ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የኢያሪኮ ነገር ስንት ዘመን የታሰበበት እንደሆነ አንብበሽ ሂጂ። የጥንቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ኦሪጀን በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢያሱን ጦርነቶች ሰው ከገዛ ኃጢአቱ ጋር የሚያደርገው ውጊያ አድርጎ ተርጉሟቸዋል። ያንቺ ጥያቄ የጥንቶቹንም አስጨንቋቸው ነበር። በሌላ በኩል አርኪዮሎጂስቷ ካትሊን ኬንዮን ከ1952 እስከ 1958 ኢያሪኮን ቆፍራለች። ከተማዋ የፈረሰችው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ ነው ብላ ደመደመች። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ለኢያሱ ከሚሰጠው ዘመን በብዙ ይቀድማል። ይህን ይዘሽ ስትሄጂ ጥያቄሽ ከምሬት አልፎ ጥናት ይሆናል። «ይህ ጭካኔ ነው» ማለት ልክ ሊሆን ይችላል። «ጽሑፉ መቼ ተጻፈ፣ ለማን፣ አንባቢዎቹስ እንዴት ተረዱት» ብሎ መጠየቅ ግን ሙያ ነው።

ወንጌላቱ ስለ ትንሣኤው ጠዋት ይለያያሉ ብለሽም ጽፈሻል። አዎ። ወደ መቃብሩ የሄዱትን ሴቶች ማቴዎስ ሁለት፣ ማርቆስ ሦስት ይላል፤ ዮሐንስ መግደላዊት ማርያምን ብቻ በስም ይጠራል። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ከቁጥር 9 ጀምሮ ያለው ክፍልም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፉት ሁለት ታላላቅ ብራናዎች፣ በሲናውና በቫቲካኑ፣ የለም። መምህርሽ ይህን ያውቃል። ብዙ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ራሳቸው ማስታወሻ ያደርጉበታል። ስለዚህ ያልሰማውን ነገር ልታሰሚው እንደሆነ አድርገሽ አትግቢ። ምን መልስ እንዳለው ጠይቂው። መልሱ ባያረካሽ ያንንም በትሕትና ንገሪው። እንዲህ ያለ ውይይት ያደረገ መምህር ስለ አንቺ የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ክብደት ይኖረዋል። ቅን ናት፣ ታነባለች፣ ከማትስማማው ሰው ጋር ተከባብራ ትነጋገራለች ብሎ ሊጽፍልሽ ይችላል። ለፐብሊክ ስኩል ርዕሰ መምህር ከዚህ የተሻለ ምስክርነት የለም።

ምናልባት ይህ ጥያቄ ከልጆች ማስተማር በላይ ይስብሽ ይሆናል። ደብዳቤሽን ሳነብ ጠርጥሬያለሁ። ባርት ኤርማን ቺካጎ ሙዲ የመጽሐፍ ቅዱስ ኢንስቲትዩት ተማረ፣ ቀጥሎ ዊተን፣ ቀጥሎ የፕሪንስተን ሴሚናሪ። ዛሬ ራሱን አግኖስቲክ ይላል። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቻፕል ሂል ለአሥርታት አዲስ ኪዳን አስተምሯል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። የግሪክ ቋንቋ መሠረቱን ያገኘው ከሃይማኖት ትምህርት ቤቶቹ ነው። ኮሌጅሽ ግሪክ ወይም ዕብራይስጥ የሚያስተምር ከሆነ አንድ ኮርስ ውሰጂና ራስሽን ፈትሺ። የፕሮፌሰርነት ሥራ በዚህ መስክ በጣም ጥቂት ስለሆነ የመምህርነት ላይሰንስሽን ግን አትተዪ።

ያለሁበትን ልናገር ወይ ላልሽው፣ ኮሌጅ ውስጥ ላልጠየቀሽ ሰው መናገር የለብሽም። ለጠየቀሽ ግን አትዋሺ። ክፍል ውስጥና በጽሑፍሽ ተቺ። ከቻፕል ወጥተሽ የሰው ጸሎት በቲክቶክ አትተቺ፤ አብረውሽ የተቀመጡት ልጆች ለክርክር አልመጡም።

አባትሽ ሌላ ናቸው። ሥራውን እንቢ ማለትሽን መስማታቸው አይቀርም፤ ለምን ይሉሻል። ያቺን የ66 መጻሕፍት ነገር ሰበብ አድርገሽ እንዳታመልጪባት። ደስ ይላቸዋል፣ ይኮሩብሻልም፤ ግን እውነቱ እሱ አይደለም። በስልክም አትንገሪያቸው። ለእረፍት ስትመጪ ብቻቸውን አግኝተሽ ቁጭ በዪ። «አባዬ፣ የማላምንበትን ወረቀት ፈርሜ ልጆች ላስተምር አልፈለግኩም» በያቸው። ሊያዝኑ ይችላሉ። ሊያለቅሱም ይችላሉ። ንስሐ አባትሽን ልጥራ ካሉሽ እሺ በዪያቸው፤ ከቄሱ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ምንም አይጎዳሽም። የሥራ ማመልከቻሽን ጉዳይ ግን በዚያው ሳምንት ንገሪያቸው፦ ፐብሊክ ስኩል እንደምታመለክቺ፣ የትኛው ካውንቲ እንደሆነ፣ ላይሰንስሽ መቼ እንደሚወጣ። ቢያንስ ስለ ልጃቸው ኑሮ ከመጨነቅ እንዲያርፉ።